ፋን ያለው አልጋ

ድሬዳዋ አልጋ ስትይዙ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ፋኑ ነው። ዋጋው ኋላ ይደረስበታል። "ፋኑ ይሠራል?" ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ የትም ብትሄዱ መልሱ "ይሠራል" ነው። ገብቶ ማብራት፣ ፍጥነቱን ከአንድ እስከ መጨረሻው መሞከር፣ ከዚያ ከሥሩ ቆሞ ትንሽ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ከተንቋቋ ይቅርባችሁ። አሁን ወደቀብኝ፣ አሁን ወደቀብኝ እያላችሁ ነው የሚነጋው።

የሄድኩት ግንቦት ላይ ነው፣ ለስልጠና። በግንቦት ሰው ሰብስቦ ድሬ ላይ ማሰልጠን የማን ሐሳብ እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ቀን ቀን ከ35 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ሌሊቱም ብዙ የሚምር አይደለም። ቁልቢ ላይ ሹራብ ደርቤ ነበር። ደንገጎን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቡ ወለቀ፣ ቀጥሎ ሻርፑ ተነሳ፣ ከተማ ስንገባ የሚወልቅ ነገር አልቀረኝም።

የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ስልጠናው የሚሰጥበት ትልቅ ሆቴል ውስጥ አልጋ ያዙ። እኔ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ገባ ብሎ ያለ አንድ ግቢ አገኘሁ። ምክንያቱን አልደብቅም፤ አበል ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ይገባዋል። አበል ቁርጥ ነው። ኮከብ ያለው ሆቴል አደርክ፣ ውጪ ተኝተህ ኮከብ ስትቆጥር አደርክ፣ ብሩ ያው ነው። የተረፈው የራስህ። በአበል ትርፍ ፍሪጅ የገዛ ሰው አውቃለሁ። የቤቱን ቆርቆሮ የቀየረም አውቃለሁ። እኔም የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ በሆዴ ይዤ ነው የሄድኩት።

እንግዳ መቀበያው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ መዝገብና አንድ ቀጭን ልጅ ነው። ፋይዳዬን ተቀብሎ ስሜን ጻፈ።

"ብቻሽን ነሽ እህቴ?"

ይቺን ጥያቄ ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ሁሉ ታውቃታለች። አጠያየቋ ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሲጠይቅ ዓይኑ ከመዝገቡ ላይ ተነስቶ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። አንዳንዱ "ማታ እንግዳ ይመጣል?" ብሎ ያስከትላል። እንደዚያ ከሆነ ሻንጣዬን አንስቼ ወጥቻለሁ ማለት ነው፣ የቱንም ያህል ቢመሽ። ይሄ ልጅ ግን "አዎ" ስለው ከሰሌዳው ላይ አንስቶት የነበረውን ቁልፍ መለሰና ሌላ አወረደ። "ይሄ ከማዘር ክፍል ጎን ነው። የሆነ ነገር ከፈለግሽ ግድግዳውን አንኳኪ።" ማዘር የሚላቸው አልጋ የሚያነጥፉትን እናት ነው። በዚህች አንድ ነገር ቤቱን ወደድኩት።

"ሙቅ ውሃ አለ?" አልኩት፣ የአዲስ አበባ ሰው አመሌ ሆኖ።

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "አቦ እህቴ፣ እዚህ ሙቅ ውሃ ሞልቷል። ቀዝቃዛ ካገኘሽ ለኔም ጥሪኝ።"

ክፍሉ ውስጥ ያለው ይሄ ነው፤ የብረት አልጋ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ሦስት ሚስማር፣ የፊት ግማሽ የምታሳይ መስታወት፣ አልጋው ሥር ሁለቱም የግራ የሆኑ ነጠላ ጫማዎች። ቲቪ የለም። ቁም ሣጥን የለም። አንሶላውን ጥግ ጥጉን ገልጬ የፍራሹን ስፌት አየሁ። ትኋን ካለ እዚያ ጋ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። ንጹህ ነው። በሩ ከውስጥ ወፍራም መቀርቀሪያ አለው። ቢሆንም ወንበሩን ከእጀታው ሥር ሻጥ አደረግኩት። ቤቱን ስለማላምን አይደለም፤ እንዲህ ካላደረግኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ እንደ ሁሉም ቦታ ነው። ክፍያ በቅድሚያ። ያላስመዘገቡት ንብረት ቢጠፋ ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም። ሌላ ከተማ ቢሆን ሦስተኛው ላይ "ጫት መቃም ክልክል ነው" ይል ነበር። ድሬ ናትና "ገረባዎን በርሜል ውስጥ ይጣሉ" ይላል። ይሄ ነው እንግዳን ማወቅ።

አጎበሩ በተለይ ገረመኝ። አርጅቷል። ግን ቀዳዳው ሁሉ ተሰፍቷል፣ በቀይ ክር፣ ጥቅጥቅ አድርጎ። ነጭ ክር ያጡ ይመስላል። ተኝቼ ሳየው ከላዬ ትንንሽ ቀይ ኮከቦች የተሰቀሉ ይመስሉ ነበር። ሰው ቁጭ ብሎ ጊዜውን ሰጥቶ ነው የሰፋው። ችግሩ ሌላ ነው፤ አጎበር ውስጥ ከገባችሁ የፋኑ ንፋስ እንደልብ አይደርሳችሁም። ከአጎበር ከወጣችሁ ትንኝ አለ። ሌሊቱን በዚህ ድርድር ነው የሚያልፈው።

አሁን አንድ ነገር ልናገር። እኔን ርካሽ አልጋ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ የሌለውን አለኝ የሚል ሆቴል ነው። አንድ ጊዜ አንድ የክልል ከተማ፣ የትኛው እንደሆነ ልተወው፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ላይ አረፍኩ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የመስታወት ሳጥን የሚመስል ሻወር ቆሟል። ቁልፍ በቁልፍ ነው። ሬዲዮ አለው፣ ሰማያዊ መብራት አለው፣ ወገብ የሚያሽ ቀዳዳም አለው። ውሃ ግን የለውም። ምስኪን አስተናጋጅ በባልዲ ተሸክሞ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣልኝ፣ ሊፍቱም አይሠራም ነበርና። የቲቪው ሪሞት እንግዳ መቀበያ ጋ ነው፣ መታወቂያ አስይዘሽ ትወስጃለሽ። ምንጣፉ እርጥበት እርጥበት ይላል። ለዚህ ሁሉ የከፈልኩትን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ባልዲ ከሆነ መታጠቢያዬ፣ በባልዲ ዋጋ አስከፍሉኝ።

እዚህ ግን ባልዲው ባልዲ ነው። ሻወሩ የጋራ፣ ግቢው ጥግ ላይ። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ጀበናውንም ቧንቧውንም ነጭ አድርጎ ነው የሚጋግረው። የሻወሩን ራስ ቀና ብዬ ሳየው ኖራው እንደ ጥርስ ድንጋይ ተጋግሮበት አብዛኞቹ ቀዳዳዎች ተደፍነዋል። የቀሩት ጥቂቶች አንዱ ወደ ጣሪያ፣ አንዱ ወደ በሩ፣ አንዱ ዓይኔ ውስጥ ይረጫሉ። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚታጠበው ከበርሜሉ በጆግ እየቀዳ ነው። ልምድ ያለው ሰው በሌሊት ይታጠባል። ቀትር ላይ ከጣሪያው ታንከር የሚወርደው ውሃ ሻይ ያፈላል።

በርሜሉን ሳይ የሥራ ነገር ያዘኝ። የስልጠናችን ርዕስ ወባ ነበር። የድሬ ወባ ደግሞ የተለየ ነው። ድሮ የተማርነው ወባ የገጠር ነው፤ ረግረግ፣ ኩሬ፣ ክረምት ሲወጣ። አሁን ግን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከተሜ ትንኝ መጥታለች። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሀር ላይ ነው። የምትወደው በርሜል፣ ታንከር፣ የኮንስትራክሽን ጉድጓድ ነው። ሰው ውሃ ካጠራቀመላት በጋ ክረምት አትልም። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋን የመታው የወባ ወረርሽኝም ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ ውሃ የሚቆራረጥበት ከተማ ሰው ሳያጠራቅም ምን ያድርግ?

የግቢው በርሜል በጨርቅ ተሸፍኖ ጨርቁ ዙሪያውን በተቆረጠ የባጃጅ ከመነዳሪ ጎማ ታስሯል። ፈትቼ በስልኬ መብራት አየሁ። እጭ የለም። ማዘር ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ነበር።

"ምን ጠፋሽ የኔ ልጅ?"

"ምንም እማማ፣ ትል አለው ወይ ብዬ ነው።"

"በየሳምንቱ ገልብጬ ነው የማጥበው" አሉኝ፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው። ከዚያ ጨርቁን ራሳቸው መልሰው አሰሩት፣ እኔ ካሰርኩት አጥብቀው።

በነጋታው የመስክ ልምምድ ነበር። በቡድን ሆነን እጭ ፍለጋ ወጣን። ሩቅ አልሄድንም። አሰልጣኙ "እስቲ ከዚሁ እንጀምር" ብሎ የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ወዳለው ፏፏቴ ወሰደን። ፏፏቴው ከተበላሸ ቆይቷል፤ የእብነበረድ አንበሳ አፉን ከፍቶ ቆሟል፣ ከሥሩ ውሃው ረግቷል። ጭልፋውን ነከር አድርጎ አወጣ። ይርመሰመሳል። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች አበላቸውን የከፈሉበት ሆቴል ነው። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ፊቴ ግን ሳይናገር አልቀረም፣ ምክንያቱም አንዷ ባልደረባዬ "ሳቂ፣ ሳቂ፣ አይቅርብሽ" አለችኝ።

ከዚህ ሁሉ ግን የማስታውሰው መብራት የጠፋበትን ሌሊት ነው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ይሆናል። ፋኑ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ሄዶ ቆመ። ክፍሉ ወዲያው ምጣድ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ በሮች አንድ በአንድ ሲከፈቱ ሰማሁ። እኔም ወንበሬን ከእጀታው ሥር አውጥቼ፣ ሻርፔን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ግቢው መሃል ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ማዘር ከሥሩ ሰሌን አንጥፈዋል። ሽርጥ ያገለደሙ ሁለት ሹፌሮች ፍራሻቸውን ጎትተው መጥተዋል። ጅግጅጋ ዕቃ የምታመላልስ ነጋዴ ሴት ስልኳን እያራገበች ተቀምጣለች። ሕፃን የያዘች ልጅም አለች፣ ሕፃኑ ብቻ ነው የተኛው። ማንም መብራት ኃይልን አልተራገመም። ለምደውታል።

ትልቁ ሆቴል ጄኔሬተር አለው። ይሄን ማመን አለብኝ። እዚያ ብሆን ተኝቼ ነበር የማድረው፣ ይሄን ጨዋታም አልሰማውም ነበር።

ጨዋታው የማዘር ነው። ከተማው ሁሉ ባቡር የሚጠብቅ የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። ማታ ባቡሩ ሲገባ ቤቱ በአንድ ጊዜ ይሞላል፤ አልጋ ያጣው ኮሪደር ላይ፣ ኮሪደር ያጣው እዚሁ ዛፍ ሥር። ሴቶቹ ነጋዴዎች የኮንትሮባንድ ጨርቁን፣ ፊናንስ የሚባሉት ተቆጣጣሪዎች እንዳይዙባቸው፣ ከልብሳቸው ሥር ለብሰውት ነው የሚገቡት። ቀጭን ሆና የሄደች ወፍራም ሆና ትመለሳለች። "ፊናንስ መጣ ሲባል አልጋው ሥር ያለውን ሁሉ ወደኔ ክፍል ያጋዙታል። እኔ ደግሞ ላዩ ላይ እተኛበታለሁ፣ ታምሜያለሁ እያልኩ።" ሹፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ። ነጋዴዋ ግን አልሳቀችም፤ "አሁንም ያው ነው" ብላ ብቻ ዝም አለች።

ነገሩን ካሰባችሁት ድሬ ከመጀመሪያውም የአዳሪ ከተማ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር የታሰበው። ተራራው ከበደና በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ቀረ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። በመሃል ባሉት ዓመታት ከባህር የመጣ ሰው ሁሉ እዚህ ወርዶ፣ በቅሎ እስኪያገኝ ያድራል። ማደሪያው ነው ከተማውን የሠራው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። የድሬ ሰውም ቀለል ያለ ነው። ማን ነህ፣ ከየት ነህ ሳይል ሰሌኑ ላይ ቦታ ይለቅልሃል።

አስር ሰዓት ገደማ መብራት መጣ። የክፍሉ ሁሉ ፋን አንድ ላይ ሲነሳ ተሰማ። ሹፌሮቹ ግን አልተነሱም። እዚያው አንቀላፍተዋል። ብዙም ሳይቆይ አዛን ተሰማ፣ ቀጥሎ የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ። እንቅልፍ የሚባል ነገር አበቃ። ልጁ መጥቶ ሹፌሮቹን በእግሩ ነካ ነካ እያደረገ ቀሰቀሳቸው፤ በዚህ ሰዓት ቀስቅሰን ብለው ማታ ነግረውታል። እኔ ታጠብኩ። እውነትም ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ልጁን ጠራሁት።

ማዘር ስወጣ ፉል አስበልተውኝ ነው የሸኙኝ፣ ከጎረቤት አስመጥተው። ሒሳብ ልክፈል ብል ተቆጡ። ለአልጋው የሚከፈለው ዋጋ አዲስ አበባ ላይ ለሁለት ሰው ምሳ አይበቃም፣ ከዚያ ላይ ቁርስ ይመረቃል።

ባልደረቦቼ መኪና ውስጥ የቤቱን ስም ሲጨቀጭቁኝ መጡ። ያቺ "ሳቂ" ያለችኝ እንኳ ሳትቀር። አልተናገርኩም፣ ለእናንተም አልናገርም። ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል እመጣለሁ፣ ያን ሰሞን ድሬ ላይ አልጋ ማግኘት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቀብድ ከፍዬ ነው የመጣሁት፣ ያንኑ ባለ ቀይ ክር አጎበር።