ቅድመ ምርጫ ስትከታተሉ ልዑክ ቁጠሩ

የአሜሪካ ፓርቲዎች የፕሬዚዳንት ዕጩ የሚለዩበት ወቅት በመጣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ክርክር አሸናፊና በአዮዋ ግዛት ስለሚመራው ተፎካካሪ ይሆናል። ዕጩነት የሚገኘው ግን በፓርቲው ጉባኤ ላይ ድምፅ በሚሰጡ ልዑካን ቁጥር ነው። በ2020 (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዴሞክራቶች በቅድመ ምርጫው የሚደለደሉ 3,979 ልዑካን ነበሯቸው፤ በመጀመሪያው ዙር ለማሸነፍ 1,991 ያስፈልግ ነበር። በ2024 በሪፐብሊካኖች በኩል ከ2,429 ልዑካን 1,215 ይበቃ ነበር። ወቅቱ ሲጀመር ይህችን ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍሩና እያንዳንዱን ምሽት በእሷ ለኩት።

ቀጥሎ ማወቅ ያለባችሁ ድልድሉን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ዴሞክራቶች በሁሉም ግዛት ልዑካንን በድምፅ ድርሻ ያካፍላሉ፤ 15 በመቶ ያልሞላለት ግን ምንም አይደርሰውም። ስሌቱ አንዴ በግዛት ደረጃ፣ አንዴ ደግሞ በየኮንግረስ ምርጫ ወረዳው ለብቻ ይሠራል። በግዛት ደረጃ 20 ልዑካን ቀርበዋል፣ ውጤቱም 34፣ 22፣ 14 እና 13 በመቶ ሆኖ ቀሪው ለትንንሾቹ ተበታትኗል እንበል። መስመሩን ያለፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ድምራቸው 56። 34ን ለ56 ስታካፍሉ 60.7 በመቶ ይመጣል፤ ስለዚህ አንደኛው 12፣ ሁለተኛው 8 ልዑካን ይወስዳሉ። 14 በመቶ ያገኘው ባዶ እጁን ይመለሳል። ተፎካካሪ በበዛበት ዓመት የመሪውን ውጤት ብቻ ሳይሆን ከ15 በታች ስንቶች እንደቀሩ አጥብቃችሁ እዩ፤ የእነሱ ድርሻ ዞሮ መሪውን ያደልባል።

ወረዳ ላይ ደግሞ ሙሉና ጎዶሎ ቁጥር ራሱ ለውጥ ያመጣል። 4 ልዑካን ባሉት ወረዳ ሁለት ሰዎች 60 ለ40 ቢለያዩ እንኳ ሁለት ሁለት ይካፈላሉ፤ ሦስተኛውን ለመውሰድ ከ62.5 በመቶ ማለፍ ያስፈልጋል። 5 ባሉት ወረዳ ግን 51 በመቶ ያገኘ 3 ለ2 ይመራል። በ2008 በኔቫዳ ሂላሪ ክሊንተን በካውከሱ (የፓርቲው ደጋፊዎች ተሰብስበው በሚመርጡበት ስብሰባ) ብልጫ አግኝተው ሳለ ባራክ ኦባማ 13 ለ12 በልዑካን የበለጧቸው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው።

ሪፐብሊካኖች ዘንድ ደንቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በጥቅሉ ከመጋቢት አጋማሽ በፊት የሚመርጡ በድርሻ ያካፍላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንደኛ የወጣው ሁሉንም እንዲጠቀልል ማድረግ ይችላሉ። ቀድመው የሚመርጡት ጥቂት ግዛቶች ከዚህ ገደብ ነፃ ናቸው። በ2016 በሳውዝ ካሮላይና ዶናልድ ትራምፕ አንድ ሦስተኛ በማይሞላ ድምፅ 50ውንም ልዑካን ወሰዱ። ስለዚህ የአንድን ግዛት ዜና ከመስማታችሁ በፊት የዚያን ግዛት ደንብ አንብቡ።

ወደ ክርክሩ ስንመጣ፣ ከመድረኩ በፊት መግቢያውን ተመልከቱ። በ2019 የመጀመሪያው የዴሞክራቶች ክርክር በማያሚ በሁለት ምሽት አሥር አሥር ሰው ያሳተፈ ነበር። መስፈርቱ በሦስት የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች 1 በመቶ ማግኘት፣ ወይም 65,000 ለጋሾችን ማሰባሰብ ነበር፤ ከእነዚህም ቢያንስ በ20 ግዛቶች በእያንዳንዱ 200 መኖር ነበረባቸው። በመስከረሙ የሂውስተን ክርክር ሁለቱም ግዴታ ሆኑ፦ 130,000 ለጋሾችና በአራት ጥናቶች 2 በመቶ። 500 ሰው በጠየቀ ጥናት ውስጥ 2 በመቶ ማለት 10 ሰው ነው። የሁለትና የሦስት ሰው መልስ አንድን ተፎካካሪ ከመድረክ ያወርዳል ማለት ነው። ለኔ ይህ መስፈርት ከሚገባው በላይ ሥልጣን ያለው ነው፤ በናሙና ስህተት ውስጥ የሚዋኝ ቁጥር መለያ መስመር መሆን አልነበረበትም።

በክርክሩ ሰዓት ማን ማንን እንደሚያጠቃ መዝግቡ። ብዙ ቀስት የሚወረወርበት ሰው ሌሎቹ የሚፈሩት ነው፤ ማንም ያልነካው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቁብ ያልተቆጠረ ነው። ክርክር ከመገንባት ይልቅ ማፍረስ ይቀናዋል። የካቲት 6 ቀን 2016 በኒው ሃምፕሻየር የሪፐብሊካኖች መድረክ ክሪስ ክሪስቲ ማርኮ ሩቢዮን በቃል የተጠና ንግግር ይደግማሉ ብለው ሲከሷቸው፣ ሩቢዮ ያንኑ ዓረፍተ ነገር መልሰው ደገሙት፤ ከሦስት ቀን በኋላ አምስተኛ ወጡ። በ2020 በዴሞክራቶች በኩል ኤሊዛቤት ዋረን በላስ ቬጋስ ማይክል ብሉምበርግን ክፉኛ አሳጧቸው። የብሉምበርግ ስም ተጎዳ፤ ዋረን ግን አንድም ግዛት አላሸነፉም። ለ2024ቱ ምርጫ ደግሞ ትራምፕ ከፓርቲያቸው ክርክር ሁሉ ቀርተው ዕጩ ሆኑ።

ክርክሩ ያመጣውን ለውጥ በማግስቱ አትፈልጉ። አዲስ ጥናት ሲወጣ መረጃው የተሰበሰበበትን ቀን እዩ፤ ከክርክሩ በፊት ተጀምሮ በኋላ ያለቀ ከሆነ ሁለት ስሜት የተደባለቀበት ስለሆነ እለፉት።

የቀን መቁጠሪያውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጆ ባይደን በ2020 በአዮዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሻየር አምስተኛ፣ በኔቫዳ ሁለተኛ ወጥተው የካቲት 29 ሳውዝ ካሮላይናን አሸነፉ። በሁለት ቀን ውስጥ ተፎካካሪዎቻቸው ፒት ቡተጀጅና ኤሚ ክሎቡሻር ከውድድሩ ወጥተው ድጋፋቸውን ሰጧቸው፤ መጋቢት 3 ቀን፣ በሱፐር ቱስዴይ (ብዙ ግዛቶች በአንድ ቀን በሚመርጡበት ማክሰኞ)፣ ከጠቅላላው ልዑካን አንድ ሦስተኛው ተደለደለ። ቀድመው በፖስታ የመረጡ ሰዎች ድምፅ ግን ውድድሩን ትተው ለወጡት ተቆጥሮ ቀረ። ቀድማችሁ የምትመርጡ ከሆነ ይህን አስቡበት።

የምሽቱን ውጤትም ቶሎ አትመኑ። በ2012 አዮዋ ላይ ሚት ሮምኒ በ8 ድምፅ አሸነፉ ተባለ፤ በማረጋገጫው ቆጠራ ሪክ ሳንቶረም በ34 ድምፅ በልጠው ተገኙ። ካሊፎርኒያ ደግሞ የፖስታ ድምፅ ለሳምንታት ስለምትቆጥር ልዑካኑ በዝግታ ይለወጣሉ።

በመጨረሻ፣ የሚወጡ ሰዎች "ዘመቻዬን አቁሜያለሁ" ሲሉ ቃሉን በትክክል ስሙት። ስማቸው ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ሊቆይ ይችላል። የትራምፕ ተፎካካሪ የነበሩት ኒኪ ሄሊ በመጋቢት 2024 መጀመሪያ ዘመቻቸውን ካቆሙ በኋላ በግንቦት የኢንዲያና ቅድመ ምርጫ ከ20 በመቶ በላይ ድምፅ አገኙ። ከእሳቸው መውጣት በኋላ ያሉትን ግዛቶች ያልተከታተለ ሰው ይህን የተቃውሞ ድምፅ አላየውም።