ከአርባ ምንጭ ይዤ የመጣሁት ጥጥ

የቢራ እርሾ ስም ሲነሣ ልቤ ወደ ጥጥ ማሳ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ከአርባ ምንጭ መጥቼ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በእግሬ ሳቀና፣ በጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አጥር ሥር ቆም አልኩ። በላይ ባቡሩ ያልፋል፣ በታች ሰው ይጋፋል፤ በዓይኔ የመጣው ግን መርጫ አዝዬ በጥጡ መካከል የምሄድበት ምሽት ነበር።

የምንረጨው መርዝ ሳይሆን ምግብ ነው። ከጠመቃ የተረፈ እርሾ ወይም የበቆሎ ዱቄት በውኃ ይበጠበጣል፤ ስኳርና ጥቂት ሳሙና ይታከልበታል። ዘዴውን በአውስትራሊያ የጥጥ ማሳዎች ያበለጸጉት ተመራማሪው ሮበርት ሜንሳ ናቸው፤ ለእኛ አካባቢ አምራቾች ያስተማረው ደግሞ የፀረ ተባይ መርዝን ጉዳት ለመቀነስ የሚሠራው ድርጅት፣ ፓን ኢትዮጵያ ነው። ሽታው ተባይ የሚያጠፉ ጥንዚዛዎችንና ጥቃቅን ተርቦችን ይጠራል፤ የጥጥ ፍሬ የሚበላው የጓይ ትል እናት የሆነችው የእሳት እራት ግን በተረጨው ቅጠል ላይ እንቁላል መጣል አትወድም። እንቁላሏ ነጭ ነው፣ ከጤፍ ፍሬ ያንሳል። አንዲቱ ከ1,000 በላይ ልትጥል ትችላለች። ስለዚህ ማሳውን በየጊዜው እየዞሩ ቅጠል መገልበጥ፣ ተባዩንም ወዳጁንም መቁጠር ግድ ነው። ትዕግሥት አጥቶ መርዝ የሚደርብ ሰው የጋበዘውን እንግዳ ደጁ ላይ ይገድላል፤ ይህን ሳይ እጅግ አዝናለሁ።

በተክለ ሃይማኖት በኩል መርካቶ ገባሁ። ለመፍተያ ጥጥ የሚመርጡ አንዲት እናት አጠገብ ቆሜ ከኪሴ ሁለት ፍሬ አወጣሁ። አንዱ ፈክቷል። ሌላው በጎኑ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ውስጡ ቡናማ ሆኖ በስብሷል።

«ይህን ትል ነው የበላው፣ እማማ።»

«የፈካውስ? መርዝ አልነካውም?»

«አልነካውም። የተረጨው እርሾ ነው።»

ከፈካው ቆንጥረው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አከረሩት። ቀጭን ክር ወጣ፤ ሳቡት፣ አልተበጠሰም።

«ልጄ፣ ክር ሲበጠስብኝ በምራቄ አርጥቤ ነው የምቀጥለው። ዕድሜዬን ሁሉ እንዲህ ነው የፈተልኩት። ምን እንደተረጨበት የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። እርሳቸው ዘሮቹን አንድ በአንድ ከጥጡ ለቅመው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ከዚያም መቼ እንደምንለቅም ጠየቁኝ።

«ኅዳር ላይ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ለኅዳር አስቀርልኝ።»