ሽማግሌው

ዛሬም ደሴ ጉሟን እንደለበሰች አረፈደች። የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም። ኮምፒውተሩን አበራሁና ጀበና ጣድኩ። አቦሉን ጠጥቼ ስመለስ ገና እየከፈተ ነበር።

ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020 ነው። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 3፣ ራሙ (የሥራ ማስታወሻው) 4 ጊጋ። ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የወጣሁት። እህቴ «ሽማግሌው» ትለዋለች።

ሳምንቱን ሙሉ አዲስ ልገጣጥም ወረቀት ላይ ስደምር ስቀንስ ሰነበትኩ። (ፈተና ማረም ሲገባኝ!) ያናደደኝ ከሽማግሌው ወደ አዲሱ የሚሻገር ዕቃ መጥፋቱ ነው። ራሙ ዲዲአር 3 የሚባለው የድሮ ዓይነት ነው፤ አዲስ ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። ፓወር ሰፕላዩ እንኳ የዴል የራሱ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ነው ያለው። አዲስ ራም ደግሞ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት እየተሻሙበት በዓለም ገበያ ዋጋው ጣሪያ ነክቷል።

ትናንት ተሸክሜው ፒያሳ ወረድኩ። ሠሪው ልጅ ከፍቶ አየና ሳቀ። ዲስኩ ሥራ በዝቶበት መቶ ፐርሰንት ላይ ተሰቅሏል፣ ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሏል።

«አብሽር ቲቸር፣ ልቡ ደህና ነው። እግሩ ነው የታመመው።»

እውነቱን ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ መርፌዋ ከፋይል ፋይል ስትሮጥ እኛ እንጠብቃለን። በእሱ ቦታ የሚገባው አዲሱ ዓይነት ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ላይ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ግን ሌላም ጣጣ አለ። የሽማግሌው ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ (የደህንነት ማሻሻያው) ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ጫን ያሉኝ አሉ። የዓመታት ፈተናዎቼ ግን በፓወር ግዕዝ፣ በዊንዶውስ የአማርኛ መጻፊያ፣ የተጻፉ ናቸው፤ በዚህ ዕድሜዬ እነሱን ስገለብጥ አልውልም።

በመጨረሻ ባለ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ገዛሁ። ነገ አዲስ ብገጣጥም ነቅዬ የምወስደው እሱን ብቻ ነው። ለራም ግን ብር አላወጣሁም፤ ልጁ ከሞተ ማሽን ያወጣትን 4 ጊጋ ጨመረልኝ፣ በሻይ ሒሳብ። ዊንዶውስ 10 ላይ ስለቀረሁ የባንክ ነገር በዚህ ኮምፒውተር አልነካም፤ ፈተና መጻፊያ ብቻ ነው።

የአዲሱን ዕቃዎች ዝርዝር ግን አልቀደድኩትም። መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ፕሮሰሰሩን በቀይ እስክሪብቶ አክብቤዋለሁ።