የእናቴ የ17 ማህበር ከመፍረስ እንዴት እንደተረፈ

እናቴ ባህርዳር ከገባች ጀምሮ በየወሩ በ17 የእስጢፋኖስን ጽዋ ስትጠጣ ነው የኖረችው፣ እኔ ሳልወለድ በፊት ማለት ነው። ተራ ሲደርሰን ጠላው ተጠምቆ፣ ድፎው ተደፍቶ፣ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በእልልታ ቤታችን ሲገባ ትዝ ይለኛል። ለኔ ማህበር ማለት ያ የድፎ ዳቦ ሽታ ነበር። እስጢፋኖስ ማን ነው ብትሉኝ ግን "በድንጋይ ተወግሮ የሞተ" ከማለት ውጪ የምመልሰው አልነበረኝም፣ አብረውኝ ያደጉት የማህበርተኛ ልጆችም ከኔ አይሻሉም።

ከሁለት አመት በፊት እማዬ ጉልበቷ አላስኬድ ሲላት "በኔ ቦታ አንቺ ግቢልኝ" አለችኝና ገባሁ። ያገኘሁት ነገር አሳዘነኝ። ድሮ 24 የነበሩት ማህበርተኞች 11 ቀርተዋል፣ ከ11ዱም አራቱ መዋጮ በስልክ ይልካሉ እንጂ አይመጡም። አባታችን ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ባርከው ሌላ ቤት ስለሚጠብቃቸው ይወጣሉ፣ ከዛ ይበላል ይጠጣል፣ የጤፍ ዋጋ ይወራል፣ ማን ታመመ ማን ቤቱን ሸጠ ይባላል፣ ከዛ ጽዋው ለባለተራ ይሰጥና መበተን ነው። የቅዱሱ ስም ከጸሎቱ ውጪ አንዴም ሳይጠራ የምንለያይበት ወር ነበር። እና አንድ ቀን ሙሴው (የማህበሩን አለቃ ሙሴ ነው የምንለው) "ልጆቻችን አይፈልጉትም፣ እኛም ደከመን፣ ጽዋውን ለቤተስኪያን አስረክበን ብንዘጋውስ" አሉ። ማንም አልተቃወመም። ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት ምንም አላለችም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ያን ሌሊት ነው ይሄ ማህበር እኔ እያለሁ አይፈርስም ያልኩት።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልሰራም። ላፕቶፕ ይዤ ሄድኩ፣ ስለ ሰማዕታት፣ ስለ ዝክር ጥቅም፣ ስለ ቤተክርስቲያን ታሪክ ከኢንተርኔት የሰበሰብኩትን ፎቶ እያሳየሁ 50 ደቂቃ ሙሉ አወራሁ። ወጡ ቀዘቀዘ፣ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፣ እኔ ደግሞ ያላስተዋሉ መሰለኝና በሚቀጥለው ወር ጭራሽ ብሶብኝ "ጠላው ይቅር፣ ወጪ ነው" አልኩ። አንዲት እናት ቀስ ብለው "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ አመት ስንጠጣ ማን ሰክሮ አየሽ?" አሉኝ። ልክ ነበሩ። ብቅል አብቅለው፣ ጌሾ ወቅጠው፣ ለቅዱሱ ብለው ሳምንቱን ሙሉ የደከሙበትን ነገር ነበር ወጪ ነው ያልኳቸው። በየቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየኩ፣ እና ይሄን ጽሁፍ የምታነቡ ወጣቶች የወላጆቻችሁን ማህበር ልታስተካክሉ ከሆነ እባካችሁ ከምግቡና ከመጠጡ አትጀምሩ፣ የሰው ልብ እዛ ውስጥ ነው ያለው።

ከዛ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ፣ መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ እሳቸው ጋር ነበር። "አባታችን፣ ማህበሩ እንዲታደስ ፈልጌ ነው" ስላቸው ቃሉ አስደነገጣቸው። እኛ ጋር "ተሐድሶ" ሲባል ቅዱሳንን መዘከር ይቅር የሚለው ትምህርት ነው ቶሎ ትዝ የሚለን፣ እኔ ደግሞ የቅዱሳኑ ኑሮ ቤታችን ውስጥ ተመልሶ እንዲሰማ ነበር የፈለኩት። ሲገባቸው ፈገግ አሉና ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች "በልባችሁ መታደስ ተለወጡ" ያለውን ጠቅሰው "መታደስማ ታዘናል ልጄ፣ ግን አዲስ ነገር አታምጪባቸው፣ ያለውን አንብቡላቸው። የየዕለቱ ቅዱሳን ታሪክ የተጻፈበት ስንክሳር በየቀኑ ይነበባል፣ የሚነበበው በግእዝ ነው፣ በዛ ሰዓት ደግሞ ሕዝቡ ገና ቤቱ ነው" አሉኝ። ከዛ ደንብ ሰጡኝ፣ ጽዋው ከመነሳቱ በፊት 15 ደቂቃ ብቻ፣ ንባቡ በአማርኛ፣ አንባቢው ደግሞ የባለተራው ቤት ልጅ።

ማህበሩን ያዳነችው ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ልጁ ያነባል ከተባለ ልጁ ይመጣል፣ ልጁ ከመጣ ጓደኛውን ይዞ ይመጣል፣ እናትየው ደግሞ ልጄ ያነባል ብላ እህቷን ትጠራለች፣ ሳናስበው ቤት መጥበብ ጀመረ። እኔ ንባቡን አሳጥሬ ከሳምንት በፊት በቴሌግራም እልካለሁ፣ በድምፅም ቀድቼ እልካለሁ ምክንያቱም ልጆቹ "ሊቀ ዲያቆናት" ምናምን የሚሉ ቃላት ላይ ይደናቀፋሉ፣ ሰው ፊት እንዲያፍሩ ደግሞ አልፈልግም።

የጥቅምት 17ቱን አልረሳውም። ቀኑ ቅዱስ እስጢፋኖስ የተሾመበት ነው፣ እና አንድ የ12 አመት ልጅ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አነበበ። ታሪኩ እንዲህ ነው፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ አማኞቹ ሲበዙ በየቀኑ ከሚታደለው ምግብ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተረስተው ማጉረምረም ሆነ፣ ሐዋርያቱም ማዕዱን የሚያገለግሉ ሰባት ሰዎች አስመረጡ፣ መጀመሪያ ስሙ የተጻፈው እስጢፋኖስ ነው። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ "ቆይ፣ እስጢፋኖስ የተመረጠው ለድሃ ሴቶች ምግብ እንዲያድል ነው እንዴ?" አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። በየወሩ በር ላይ የሚቀመጡ እናቶች ነበሩ፣ እኛ ደግሞ ለነሱ የምናወጣው በልተን ጠጥተን ሲያበቃ የተረፈውን ነበር፣ ይሄን ስንቱ አመት በእስጢፋኖስ ስም ስናደርግ እንደኖርን ሁላችንም እኩል ገባን መሰለኝ። ሙሴው ተነስተው አባታችን የባረኩትን ድፎ ቆርሰው የመጀመሪያውን ራሳቸው ይዘው ወጡ። ከዛ ወር ወዲህ የመጀመሪያው ድፎ ከነወጡ ለቤተስኪያን ደጅ እናቶች ነው፣ በባጃጅ እናደርሳለን፣ መዋጮውም ለዚሁ ተብሎ ከ150 ወደ 200 ብር ከፍ ሲል ያጉረመረመ ሰው አልነበረም። በስልክ ብቻ ይልኩ ከነበሩት አራቱ ሁለቱ ተመለሱ።

ህዳር 17 ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ለንባብ ስዘጋጅ ነው ህዳር 17 የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ እረፍት መሆኑን ያየሁት፣ እኛው ጣና ዳር የኖረች፣ ቆራጣ በስሟ ቤተክርስቲያን ያላት እናት፣ እኛ ግን በዛው ቀን ስንት ህዳር ተሰብስበን ስሟን አንስተን አናውቅም። ገድሏ ካረፈች ከ30 አመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የጻፈው ነው፣ የሚያውቋትን ሰዎች ቃል ሰብስቦ። ከትልቅ ቤተሰብ የተወለደች ናት፣ ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የአጼ ሱስንዮስ የጦር አዛዥ ነበር። ሶስት ልጅ ወልዳ ሶስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት ተቀብሎ አገሩንም ሲያስገድድ፣ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም በንጉሡ ጦር ሲገደሉ ባሏን ትታ ወጣች፣ መነኮሰች፣ ንጉሡ ፊት ቀርባም አልቀበልም አለች፣ ዠበይ የሚባል በሱዳን ጠረፍ በኩል ያለ በረሃ ሶስት አመት ተጋዘች። ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ሲለቅ እሷ ገና በሕይወት ነበረች፣ ያረፈችው በ1635 ዓ.ም. በ50 አመቷ ነው። እስክታርፍ ድረስም ወንድም ሴትም አንድ ላይ የሚኖሩባቸው ሰባት ማህበሮች አቋቁማለች። እሷም የማህበር ሰው ነበረች ማለት ነው።

ጾመ ነቢያት ከገባ ሶስተኛ ቀኑ ስለነበር ማዕዱ ሽሮና ጎመን ነበር። የምታነበው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ ናት፣ "ሶስቱም ልጆቿ ሞቱባት" የሚለው ጋር ስትደርስ ሁሌ በር ስር ተቀምጠው ምንም የማይናገሩ አንዲት ማህበርተኛ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ሁለት ልጅ እንደቀበሩ ትልልቆቹ ያውቁ ነበር፣ እኛ ግን አናውቅም ነበር። "ቅድስት ስትባል ይሄ ያልነካት ነበር የምትመስለኝ" አሉ። ንባቡ እዛው ቆመ፣ የቀረውን ማንም አልጠየቀም፣ ሴቶቹ ሁሉ ከበቧቸውና እያንዳንዷ የየራሷን ማውራት ጀመረች፣ አባታችን እንኳን ሌላ ቤት እየተጠበቁ ቁጭ ብለው ቀሩ። እኔ ያኔ ነው ዝክር ምን እንደሆነ የገባኝ። የቅዱሳኑን ተአምር ብቻ ስንናገር ከኛ ይርቃሉ፣ ያለቀሱበትን ስናነብ ግን ቤታችን ገብተው አጠገባችን ይቀመጣሉ፣ የዕብራውያን መልእክት "የኑሮአቸውንም ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሉአቸው" የሚለው ኑሯቸውን ሳናውቅ እንዴት ይሆናል?

በጥር ወር ነው መሰለኝ አባታችን ጽዋውን ባርከው ከመስጠታቸው በፊት ያዝ አደረጉትና "ይሄን ጽዋ በየወሩ ታነሳላችሁ፣ ያኛውን ጽዋ ግን መቼ ነው?" አሉ። ሁላችንም አይናችንን ሰበርን። ቅዳሴ ላይ ስትቆሙ ተመልከቱ፣ የሚቆርቡት ሕፃናትና በእድሜ የገፉት ናቸው፣ መሃል ያለነው ዳር ቆመን እናያለን። ለኔ የአምልኮ መታደስ ካለ እዚህ ጋር ነው፣ ዜማው የቅዱስ ያሬድ እንደሆነ ነው፣ ከበሮውም ጸናጽሉም እንዳለ ነው፣ የጎደለው እኛ ነን ከመቅደሱ በር ርቀን የቆምነው። መንገዱንም ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም፣ ንስሐ አለ፣ የተጣሉትን መታረቅ አለ፣ ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት መጾም አለ፣ ትዳር ያለው ደግሞ ከትዳር አጋሩ ጋር ነው። ማህበራችን ውስጥ 26 አመት በሰማንያ የኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሰውየው "ልጆቻችን ደርሰው አሁን በቁርባን ተጋቡ ስንባል ሰው ምን ይላል" እያሉ ሁለት ወር ተጨነቁ። ሚስትየዋ የወለተ ጴጥሮስን ድምፅ ቅጂ ስልካቸው ላይ ደጋግመው ይከፍቱላቸው ነበር አሉ። በዐቢይ ጾም መጨረሻ ሁለቱም ነጭ ለብሰው ቆረቡ፣ ልጆቻቸው ከኋላ ቆመው ነበር። በዛ አመት ከማህበራችን የቆረብነው ስድስት ነን፣ እኔም አንዷ ነኝ፣ የተሰማኝን መጻፍ አልችልበትም።

አሁንም ያልተፈታ ነገር አለ። ወንዶች ልጆች 18 አመት ሲያልፋቸው ይጠፋሉ፣ ምሽት ላይ መውጣት በሚያስቸግርበት ጊዜ ማህበሩን ወደ ከሰዓት ስላዞርነው ስራ ያለው ሰው አይደርስም፣ አንድ ወር ሙሉ አንባቢ አጥተን ሙሴው በመነጽር እየተንተባተቡ አንብበዋል (እውነት ለመናገር ከሁሉም ያማረው ንባብ እሱ ነበር)። ሌላ የምነግራችሁ፣ ንባቡ 15 ደቂቃውን እንዳያልፍ ጨክኑ፣ አንዴ ወደ 40 ደቂቃ ሄዶብን በሚቀጥለው ወር ሰው ቀንሶ አየሁት።

ከፋሲካ በኋላ ቆራጣ እንሂድ ተባለና ጀልባ ተከራየን። እማዬ በጉልበቷ ምክንያት እንደማትችል ነበር ያሰብኩት፣ እሷ ግን ነጠላዋን አጣጥፋ ከሁላችን ቀድማ ወደቡ ላይ ተገኘች። ውሃው ላይ ስንሄድ የደንገል ታንኳ አጠገባችን ሲያልፍ ባለጀልባውን "ደጋ በየት በኩል ነው?" አለችው። ደጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም፣ ዕድሜዋን ሙሉ የዘከረችውን ቅዱስ ገዳም አይታው አታውቅም። እሱም በእጁ ወዲያ ወደ ውሃው መሃል አሳያት፣ ከጉም በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም፣ ወደዛው ዞራ ሶስት ጊዜ አማተበች። ቆራጣ ስንደርስ ደግሞ ደግፈናት ገባች፣ ደጁን ስማ ረጅም ሰአት ተቀመጠች፣ ስትነሳ "ይቺ እንኳን ታስገባለች" አለችኝ፣ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ አባቴ ከሞተ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

የዘንድሮው የህዳር 17 ተራ የኛ ቤት ነው። እማዬ የወለተ ጴጥሮስን ንባብ ለማንም አልሰጥም ብላለች። ፊደል ስላልቆጠረች ማታ ማታ እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ ጥጧን እየፈተለች በቃሏ ትይዛለች፣ ስትሳሳት ደግሞ "ከላይ ድገሚልኝ" ትለኛለች። ትናንት ማታ ወለተ ጴጥሮስ ከዕድሜ ልክ ጓደኛዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የተገናኙበት ጋ ደርሰናል።