«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ስኳር ከተገኘብኝ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን 500፣ ጠዋት ደግሞ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊግራም እወስዳለሁ። እዚህ ደሴ ለክትትል በሄድኩ ቁጥር ነርሷ ትጠይቀኛለች፦ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» እኔም ሁሌ «የለም» እል ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን ውሸት ነበር። መዋሸቴንም አላወቅኩትም።

የእህቴ ልጅ ከጅዳ ስትመጣ ሁለት ብልቃጥ ይዛልኝ መጣች። አንዱ ማግኒዥየም፣ አንዱ ክሮሚየም። «አክስቴ፣ እዚያ ስኳር ያለበት ሁሉ ይወስደዋል። ቪታሚን እኮ ነው» አለችኝ። ከልቧ ነው ያመጣችው። እኔም ያን ሰሞን ሌሊት ባቴ እየተሸማቀቀ፣ የእግሬ ጣቶች ጉንዳን የሄደባቸው ያህል እየወረሩኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበርና ደስ አለኝ። ክዳኑን ስከፍተው ጥጥ ታጭቆበታል። ማግኒዥየሙ ባቄላ የሚያክል ነጭ ኪኒን ነው።

በቀን አንድ አንድ ጀመርኩ። ለውጥ ሳጣ ሁለት ሁለት አደረግኩት። ማንንም አልጠየቅኩም።

መጀመሪያ ሆዴ ተበላሸ። በቀን ሦስት አራቴ ደጅ መመላለስ ሆነ። ሜትፎርሚን ሆድ እንደሚያስቸግር ስለማውቅ እሱን ጠረጠርኩና የማታውን መዝለል ጀመርኩ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሐኪም ያዘዘውን ትቼ ከሻንጣ የወጣውን አጥብቄ ያዝኩ።

አንድ ቀን ታዲያ ሰኞ ገበያ ወጣሁ። ሆዴ መንገድ ላይ እንዳያሳፍረኝ ብዬ ቁርስ አልቀመስኩም። ግሊቤንክላማይዱንና ክሮሚየሙን ግን ውጫለሁ። አራት ሰዓት ገደማ በርበሬ እያስመዘንኩ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላብ ጀርባዬን አጠበው። ልቤ ድው ድው ይላል። የሚዛኑ መርፌ ሁለት ሆኖ ታየኝ። በርበሬ ሻጯ ክንዴን ይዛ ጆንያ ላይ አስቀመጠችኝ። «አብሽሪ እታለም፣ አብሽሪ» ትላለች። ስኳር አለብኝ አልኳት። የስኳር መለኪያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ 51 አሳየ። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ነው የሚባለው። ከጎኗ ካለችው ሻይ ሻጭ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ተቀብላ በውሃ በጥብጣ አጠጣችኝ። 15 ደቂቃ ጠብቄ ስለካ 83 ገባ። ከዚያ ዳቦ በላሁ። ያቺን ሴት በዱዓዬ አልረሳትም።

በሳምንቱ ሁለቱንም ብልቃጥ በፌስታል ይዤ ክትትሌ ሄድኩ። ፋርማሲስቱ ወጣት ልጅ ነው። ብልቃጦቹን አገላብጦ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበበ። «እናቴ፣ ሆድዎን ያበላሸው ይሄ ነው» አለና ማግኒዥየሙን አነሳ። ለካ ሰገራ ያላላል፤ ለሆድ ድርቀትም ይሰጣል። አንዱ ኪኒን 400 ሚሊግራም ነው። እኔ በቀን 800 እውጥ ነበር። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሆነ ለአዋቂ በቀን ከ350 ባይበልጥ ይመከራል አለኝ። ትርፉን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ ስኳር ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ክሪያቲኒን፣ ማለት የኩላሊትን ጤና የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ተመረመርኩ። ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ክሮሚየሙስ? ስኳር በማውረድ በኩል ውጤቱ ወጥ አይደለም፤ ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲደረብ ግን መውረዱን ሊያብሰው ይችላል። «ታዲያ ገበያ ላይ የጣለኝ እሱ ነው?» አልኩት። «እሱ ብቻ ነው ማለት አልችልም» አለኝ። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን አመንጪ እያለ ይገፋል። ተበላ አልተበላ አይጠብቅም። ቁርስ ያስተወኝ ተቅማጡ ነው፤ ተቅማጡን ያመጣው ማግኒዥየሙ። እንዲህ ተያይዞ ነው የመጣው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የጣቴ ነገር ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። መደንዘዝና መውረር ከዚያም፣ ከስኳሩ ከራሱም ሊመጣ ይችላል። ማግኒዥየም ጎድሎብኛል ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልመረመረኝም። የደም ናሙናዬ አዲስ አበባ ተልኮ ቢ12ዬ ዝቅ ብሎ ተገኘ። መድኃኒቱ ታዘዘልኝ፤ መውረሩ ቀስ በቀስ እየቀለለኝ ነው። ይህን ሁሉ ወር ያለፋሁት እግሬ ያሳዝነኛል።

ብልቃጦቹን ተውኳቸው። የማታውን ሜትፎርሚን መልሼ ጀመርኩ። ማግኒዥየሙን ከማዕዴ ነው የማገኘው፦ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሱፍ። የጤፍ እንጀራም አለው፤ ግን ሲበዛ ስኳሬን ስለሚሰቅለው በልክ ነው።

መለኪያዬ ማህደር ውስጥ አንዲት ወረቀት አለች። የምውጠው ሁሉ ተጽፎባታል፤ ስንት ሚሊግራም፣ በስንት ሰዓት። የቤቱንም ጨምሬያለሁ። አብሽ ጠዋት ጠዋት በጥብጬ እጠጣ ነበር፤ እሱም ስኳር ሊያወርድ እንደሚችል የሰማሁት ወረቀቷን ሳሳይ ነው። ነርሷ «ሌላ የሚወስዱት አለ?» ስትለኝ አሁን አልመልስላትም፤ ወረቀቷን እሰጣታለሁ።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለች። «አክስቴ፣ ስመጣ ምን ላምጣልሽ?» አለችኝ። የመለኪያዬን ስም ፊደል በፊደል አጻፍኳትና «የዚህን ስትሪፕ፣ የደም ጠብታ የሚነካበትን» አልኳት።