የሞሬሊ ቤት
ብሮድስቴርስ ከለንደን ሴንት ፓንክራስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ከጣቢያው ወጥቶ ዋናውን መንገድ ቁልቁል መከተል ብቻ ነው፣ ራሱ ወስዶ ባሕሩ ላይ ይጥላችኋል። የሄድነው ለእታለም ብለን ነው። አክስቴ ናት፣ ክረምቱን እኛ ጋ ልታሳልፍ ከአዲስ አበባ መጥታለች። የለንደን ሱቅ ቶሎ ሰለቻት። "ልብስማ መርካቶም ሞልቷል፣ ባሕር አሳየኝ" አለች። ባቡር ውስጥ ደግሞ ቦርሳዋን እየደባበሰች "ዛሬ ጋባዧ እኔ ነኝ፣ እንዳትከራከረኝ" ስትል ነበር።

ከገደሉ ሥር ያለው አሸዋማ ዳርቻ ቫይኪንግ ቤይ ይባላል። ሲሰሙት የሺህ ዓመት ስም ይመስላል፤ ግን በ1949 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ዴንማርኮች በጥንቱ አሠራር የተሠራ መርከብ እየቀዘፉ መጥተው እዚህ ሲያርፉ የወጣለት ነው። ዳርቻው ላይ ቀለም የተቀቡ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ተደርድረዋል። ልጆች አሸዋ ይቆፍራሉ። ነፋሱ ግን አይጣል ነው። እታለም ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ "በጋቸው ይሄ ነው?" አለችኝ። ሽቅብ ወጥተን መጠለያ ፈለግን።

ከገደሉ አናት፣ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይ ካፌ አለ። ሞሬሊስ። ገባ ስትሉ ሰባ ዓመት ወደኋላ ነው። ሮዝ ቆዳ መሳይ መቀመጫ፣ የፎርማይካ ጠረጴዛ፣ ጁክቦክስ። ቤቱን በ1950ዎቹ መጨረሻ አሳምረው አደሱት፣ ከዚያ በኋላ መልኩን አለመቀየራቸው ጀግንነት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ነቃቅሎ ግራጫ ቀለም ይቀባው ነበር። እታለም ዞር ዞር ብላ አየችና "የድሮዋን ፒያሳ አይመስልም?" አለች። ይመስላል። ኬክ ቤት ገብተን ቁጭ ያልን ነው የመሰለኝ።

እኔ ማኪያቶ አዘዝኩ፣ ወተቱ እንደኛ አይበዛም። ለእሷ ኒከርቦከር ግሎሪ የሚሉትን አመጡላት። ረጅም ብርጭቆ ነው፤ ከሥር ፍራፍሬ፣ ከላዩ አይስክሬም፣ ደግሞ ፍራፍሬ፣ ደግሞ አይስክሬም፣ ከአናቱ ክሬም፣ የክሬሙ ጫፍ ላይ አንዲት ቼሪ። ማንኪያው ከብርጭቆውም ይረዝማል። እታለም ቼሪዋን አንስታ ሶፍት ላይ አስቀመጠችና ማንኪያውን በጎን አሾልካ እስከ ታች ሰደደችው። ፍራፍሬውን ከሥሩ ለቅማ እስክትጨርስ ቀና አላለችም። ክሬሙ ለእኔ ተረፈ።

የቤቱን ታሪክ ሳነብላት ነው ነገሩ የመጣው። ጁሴፔ ሞሬሊ የሚባል ጣሊያናዊ በ1907 ወደ ብሪታንያ ተሰደደ። አይስክሬም በብስክሌት እያዞረ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን ለጣሊያን ስደተኛ የተለመደ እንጀራ ነው፤ ከድሃ ተራራማ መንደር ወጥቶ እንግሊዝና ስኮትላንድ ውስጥ አይስክሬም ማዞር። ከሞሬሊ በፊት የነበሩት አይስክሬማቸውን በትንሽ ብርጭቆ በአንድ ሳንቲም እያስላሱ፣ ብርጭቆዋን በጨርቅ ጠረግ አድርገው ለቀጣዩ ይሰጡ ነበር። ለንደን የሳንባ ነቀርሳ ያስተላልፋል ብላ ከለከለችው። ብቻ ሞሬሊዎች ከብስክሌት ተነስተው በ1932 ይህን ካፌ ከፈቱ። ዛሬም በቤተሰቡ እጅ ነው፣ ዱባይ ድረስም ዘልቀዋል።

"1932?" አለች እታለም። "ሙሶሊኒ እኛ ጋ ሊመጣ ሦስት ዓመት ሲቀረው።"

የጣሊያንን ጊዜ ከእናት ከአባቷ እየሰማች ያደገች ናት። እኛ ቤት ጣሊያን ማለት የመርዝ ጋዝና የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ነው። ፓስታውንና ማኪያቶውን ግን ማንም አልጠላም። አይስክሬም የሚያዞር ስደተኛ ጣሊያን ግን በሐሳባችን የለም።

ቀሪውን በስልኬ እያየሁ ነገርኳት። ጁን 10 ቀን 1940 ሙሶሊኒ በብሪታንያ ላይ ጦርነት አወጀ። ያንኑ ሌሊት ሕዝቡ የጣሊያኖችን ካፌና ሱቅ መስኮት ሰባበረ። ቸርችል ወንዶቹን ልቀሙ አለ። ትናንት ለሰፈሩ ልጆች አይስክሬም ሲሸጥ የነበረ ሰው ጠዋት ጠላት ሆኖ ተነሳ። ከፊሎቹን አራንዶራ ስታር በምትባል መርከብ ጭነው ወደ ካናዳ ላኳቸው። ጁላይ 2 ቀን ከአየርላንድ በስተምዕራብ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ መታት። የሙሶሊኒ ወዳጅ ጀርመን ማለት ነው። ከ800 በላይ ሰው ሰጠመ፣ ከነዚህ ከ400 የሚበልጡት ጣሊያኖች ነበሩ።

ታዲያ ጦርነቱ በታወጀበት ወር፣ ጁን መጨረሻ ላይ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ባዝ ከተማ ያሳለፉትን ስደት ትተው "ሚስተር ስትሮንግ" በሚል የሽፋን ስም በባሕር አውሮፕላን ወደ ሱዳን አቀኑ። ያ የጦርነት አዋጅ ለእኛ ንጉሥ በር ከፈተላቸው፣ ለእነዚህ ባለ ካፌዎች ደግሞ በር ዘጋባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሜይ 5 ቀን ንጉሡ አዲስ አበባ ገቡ።

እታለም ዝም ብላ ሰማችኝ። እንደ ታሪክ አዋቂ ስለ ቸርችል ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ "ሱቁንስ ማን ያዘው?" አለች።

"የትኛውን ሱቅ?"

"ባሎቻቸው ከታሰሩ፣ ካፌውን ማን ይከፍተዋል? አይስክሬሙንስ ማን ይሠራል?"

በብዙ ቦታ ሚስቶችና ሴት ልጆች ናቸው የያዙት አልኳት። መስታወቱ በተሰበረ ቤት፣ መስታወቱን ለሰበረው ሰው ሻይ እየቀዱ።

"አዬ ሴት" አለች። ከዚያ ቼሪዋን ከሶፍቱ አንስታ በላች።

ልጅቷ ሒሳብ ይዛ መጣች። እኔ እጄን ሰበሰብኩ፣ ጋባዥ አለኛ። እታለም ወረቀቱን አየት አድርጋ ወደ እኔ ገፋችውና ቦርሳዋን ቀጭ አድርጋ ዘጋችው።

"አባቴ ለጣሊያን ግብር አልከፍልም ብሎ ጫካ የገባ ሰው ነው። አንተ ክፈል።"

ከፈልኩ።