ኮምፕሬሰሩ ተነሳ

ስንት ሰዓት እንደሆነ ማየት አልፈልግም። ነፋሱ ወድቋል፣ ጀልባዋ መልህቋ ላይ ቀስ እያለች ትዞራለች፣ እንቅልፍ የለም። ሆድ የሚያባባ ሌሊት ነው፤ ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ። ስለ ትልቋ ልጄ እያሰብኩ ነበር፣ አሁን ስላለችበት ሩቅ ቦታ። በዚህ መሀል የፍሪጁ ኮምፕሬሰር ተነሳ።

ይሄ ነገር እስኪነጋ ስንት ሊበላ ነው?

ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለችው የመልህቅ መብራት ኤልኢዲ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ በርታ ከ2 እስከ 3 አምፔር ሰዓት ብትወስድ ነው (አንድ አምፔር ሰዓት ማለት አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲሳብ የሚበላው ነው)። የውስጥ መብራት፣ የውሃ ፓምፕ፣ ማራገቢያ፣ የስልክ ቻርጅ ሁሉ ተደማምሮ በቀን 20 ቢሞላ ነው። ፍሪጁ ግን ሲሠራ በ12 ቮልት 5 አምፔር ገደማ ይስባል፣ በሞቃት ባሕር ላይ ደግሞ ከቀኑ ግማሹን ሲሠራ ይውላል። 60 አምፔር ሰዓት! የቀረው ሁሉ ተደምሮ የእሱ ሲሶ ገደማ ነው።

ነገሩን ወደ ኋላ ስትከተሉት ይብሳል። 200 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ አለ እንበል። ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ማሳጠር ስለሆነ 100 ቀረ። ከላይ ያለው የመጨረሻው 15 በመቶ ደግሞ ግትር ነው፤ ባትሪው እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለው አምፔር እየቀነሰ ይመጣል፣ ያቺን ጥቂት ለመጨመር በ14.4 ቮልት አካባቢ አራት አምስት ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ በተግባር በየቀኑ የሚወጣውና የሚገባው 70 ገደማ ነው። ከ70 ላይ ፍሪጁ 60 ወሰደ። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ ሳምንታት ከቆየ ደግሞ ሰልፌት የሚባል ጠጣር ነገር በባትሪው ውስጥ ባሉት ሳህኖች ላይ ይጋገራል፣ አቅሙም በዚያው ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ባትሪ የሚሞተው ብዙ ስለተሠራበት ሳይሆን ጠግቦ ስለማያውቅ ነው።

የቮልት መለኪያውን ማየት አያጽናናም። ፀሐይ እየሞላችው ሳለ 13 እና ከዚያ በላይ ይላል፣ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ዝቅ ይላል፤ ሁለቱም እውነቱን አይናገሩም። ምንም ሳይሞላና ምንም ሳይጎትት ለሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.7 ካለ ሙሉ ነው፣ 12.2 ካለ ግማሽ። ፍሪጅ ያለበት ጀልባ ላይ ባትሪ መቼ ነው የሚያርፈው? የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ያስፈለገው ለዚህ ነው። (ሊቲየም ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፣ እስከ 80 በመቶ ያስወጣል። ግን የሰጡትን ሁሉ ስለሚቀበል የሞተሩን አልተርኔተር (ኤሌክትሪክ አመንጪውን) አግሎ ሊያቃጥለው ይችላል፤ ተቆጣጣሪ ሳይገጠም አይታሰብም።)

"ፀሐይ በነፃ ናት" ይላሉ ሰዎች። አዎ፣ በነፃ ናት። አግድም የተገጠመ 100 ዋት ፓኔል ጥርት ባለ ቀን ከ25 እስከ 30 አምፔር ሰዓት ይሰጣል፤ ስለዚህ ለፍሪጁ ብቻ ሁለት ፓኔል። ያውም ጥላ ካልነካው ነው። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሴል ላይ የወደቀ ጥላ የረድፉን ሁሉ ጉሮሮ ያንቃል፤ ዳዮዱ (ኤሌክትሪኩን በሌላ በኩል የሚያሳልፈው ትንሽ ዕቃ) ያንን ረድፍ ሲዘለው ብዙውን ጊዜ የፓኔሉ ሲሶ ወይም ግማሽ ሄደ ማለት ነው። ጀልባ ላይ ደግሞ ምሰሶው፣ ሸራው የሚታሰርበት አግዳሚ ዘንግና ያ ሁሉ ገመድ አለ፣ ጥላቸውም ከጀልባዋ ጋር ይዞራል። ለእያንዳንዱ ፓኔል የራሱን የቻርጅ መቆጣጠሪያ መስጠት የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲታነቅ ሌላው ይሠራል።

ሽቦው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ባትሪው ደህና ሆኖ ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ቀጭ ብሎ ከጠፋ፣ ኮምፕሬሰሩን ከመርገም በፊት ሽቦውን ማየት ነው። ከባትሪው 5 ሜትር ርቆ በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 6 አምፔር ቢስብ፣ ደርሶ መልስ 10 ሜትር መዳብ ላይ 0.4 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ በ6 ካሬ ሚሊሜትር ግን 0.2 እንኳ አይሞላም። ጨው የበላው የፊውዝ መያዣ ሲጨመርበት የፍሪጁ መቆጣጠሪያ ባትሪው ያለቀ መስሎት ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል። በብዙዎቹ ፍሪጆች መቆጣጠሪያ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት አንዴ ብልጭ እያለች ከሆነ ይህንኑ እየተናገረች ነው።

ታዲያ ፓኔል ከመጨመር በፊት የፍሪጁን ሳጥን ማየት አይሻልም? ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ፣ ሳጥኑ ታች ያለው የውሃ መውጫ ክፍት ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ እየፈሰሰ ይወጣል፤ ቱቦውን እንደ መንጠቆ አጥፎ በውስጡ ውሃ ማስቀረት ይዘጋዋል። ውስጡ የሚጋገረው በረዶ ግማሽ ሴንቲሜትር ከደረሰ መቅለጥ አለበት። ኮምፕሬሰሩ የተቀመጠበት ቁም ሳጥን አየር ከሌለው የራሱን ሙቀት መልሶ እየተነፈሰ ይደክማል። ባዶ የቀረውን ቦታ የውሃ ጠርሙስ ይሙላው፣ ክዳን ሲከፈት የሚገባው ሙቅ አየር ይቀንሳል።

ዋናው ግን በሳጥኑ ግድግዳ ውስጥ ሙቀት የሚከለክለው ፎም ነው። 5 ሴንቲሜትር የነበረውን 10 ብናደርገው ሰርጎ የሚገባው ሙቀት በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። በውጭ 60 በ50 በ50 የሆነ ሳጥን በ5 ሴንቲሜትር ፎም ውስጡ 80 ሊትር ነው። በ10 ሲሆን 40 በ30 በ30። 36 ሊትር! ጠርሙሶቹ ከገቡ በኋላ ለምግብ የሚተርፈው ምንድን ነው? ለዚያች ለተረፈችው ሲባል ነው እንግዲህ ሁለት ፓኔል፣ ያ ሁሉ ባትሪ፣ ወፍራሙ ሽቦ። ፍሪጁን አውጥቶ መጣልም ይቻል ነበር፤ ያኔ አንድ ፓኔል በበቃ።

ይህን ሁሉ እያሰላሁ ጠማኝ፣ ያውም ቀዝቃዛ ውሃ። ክዳኑን አንዴ ብከፍተው ስንት አምፔር ሰዓት ይሆን?